አልነሳም ያለው ሰርቨር፦ የፖስትግሬስኪውኤል የእትም ሽግግር ታሪክ

ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ከሚገጥሟቸው ችግሮች መካከል፣ እስከ ትናንት ያለ እንከን ሲሠራ የቆየ ሶፍትዌር በአዲስ እትም ከተተካ በኋላ አልነሳም የሚልበት ጊዜ ልዩ ክብደት አለው፤ ፕሮግራሙ በትክክል ተጭኖ፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ፣ የተቋሙ መረጃም በቦታው እያለ አገልግሎቱ ግን ይቋረጣልና። ይህ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ሊደርስ የሚችል ቢሆንም ታሪኩ ጎልቶ የሚታየው የመረጃ ቋትን፣ ማለትም ዳታቤዝን፣ በሚያስተዳድሩ ሶፍትዌሮች ላይ ነው። የድረ ገጽ ሰርቨር ቢበላሽ ነቅሎ እንደ አዲስ መትከል ይቻላል፤ ዳታቤዝ ግን የዓመታት መዝገብ ተሸክሞ የሚኖር በመሆኑ፣ አሮጌው ፕሮግራም የጻፈውን አዲሱ ማንበብ ካልቻለ ችግሩ እንደገና በመትከል አይፈታም። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች መካከል ፖስትግሬስኪውኤል፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ፖስትግሬስ፣ ከዩኒቨርሲቲ ምርምር ተነስቶ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት እስካገኘበት ጊዜ ድረስ ይህን ችግር በየደረጃው ስላሳለፈ ታሪኩ በዝርዝር ሊጠና ይገባዋል። በዚህ ታሪክ እንደሚታየው የሰርቨሩ እምቢታ በሂደት፣ ታስቦበት የተገነባ ጥበቃ ሲሆን፣ ከባድ ጉዳት የደረሰውም ሰርቨሩ ያለ አንዳች ተቃውሞ በተነሳባቸው ጊዜያት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፖስትግሬስ ሥር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ይገኛል። የአይቢኤም ተመራማሪ የነበሩት ኤድጋር ኮድ በ1970 መረጃን በሠንጠረዦችና በሠንጠረዦች ዝምድና ማደራጀት እንደሚቻል የሚያስረዳ ጥናት ካሳተሙ በኋላ፣ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ ሐሳቡን በተግባር ለማሳየት ኢንግረስ የተባለውን ሶፍትዌር በበርክሌይ ሠሩ፤ ስቶንብሬከር ደግሞ በ1986 የኢንግረስን ውስንነት ለመሻገር ፖስትግሬስ የተባለውን ፕሮጀክት ጀመሩ። ኋላም በዳታቤዝ ዘርፍ ባበረከቱት ሥራ የ2014ን የቱሪንግ ሽልማት አግኝተዋል። የፖስትግሬስ የመጀመሪያ እትም በሰኔ 1989 ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ላሉ ጥቂት ተጠቃሚዎች ተሰጠ፣ ሁለተኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ተከተለ፣ ሦስተኛው በ1991 ወጣ፤ በየእትሙም ትላልቅ የሶፍትዌሩ ክፍሎች ፈርሰው እንደ አዲስ ተጻፉ። በዚያ ዘመን የእትሞች አለመጣጣም እንደ ጉድለት አይታይም ነበር፤ የፕሮጀክቱ ዓላማ ሐሳብን መፈተን ስለነበር፣ ተመራማሪው መረጃ በዲስክ ላይ የሚቀመጥበትን ቅርጽ በፈለገ ጊዜ የመለወጥ ሙሉ ነጻነት ነበረው።

በርክሌይ ፕሮጀክቱን በእትም 4.2 ዘግታ ስታበቃ፣ አንድሪው ዩና ጆሊ ቼን የተባሉ ተማሪዎች በ1994 ኤስኪውኤል የተባለውን መደበኛ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ ጨመሩበትና ፖስትግሬስ 95 በሚል ስም አወጡት። በ1996 ሥራው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በተለያዩ አገሮች ወደሚኖሩ ፈቃደኛ ባለሙያዎች እጅ ገባ፤ ካናዳዊው ማርክ ፉርኒየር፣ አሜሪካውያኑ ብሩስ ሞምጂያንና ቶማስ ሎክሃርት፣ በሩሲያዋ ክራስኖያርስክ ይኖር የነበረው ቫዲም ሚኬዬቭ ከቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ። እነርሱም ስሙን ፖስትግሬስኪውኤል ብለው፣ የበርክሌይን የእትም ቁጥር በመቀጠል በ1997 መጀመሪያ 6.0ን አወጡ። እነዚህ ሰዎች የወረሱት ፕሮግራሙን ብቻ አልነበረም፤ የዲስክ ቅርጽን በነጻነት የመለወጥ ልማድንም አብረው ወርሰዋል፤ ልዩነቱ ተጠቃሚዎቻቸው ከእንግዲህ የንግድ ድርጅቶችና ጥለውት ሊሄዱ የማይችሉት መረጃ ያላቸው ተቋማት መሆናቸው ነበር።

ልማዱ ለምን እንዳልተተወ ለመረዳት የሶፍትዌሩን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ ሁሉንም ነገር የሚያስቀምጠው የዳታ ማኅደር በሚባል አንድ የፋይሎች መያዣ ውስጥ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ፋይሎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በ8 ኪሎባይት ገጾች ተከፋፍለው የተጠቃሚውን መዝገብ የሚይዙት ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ የሥርዓት ካታሎግ የሚባሉት ሲሆኑ፣ ዳታቤዙ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ፣ የትኛው ሠንጠረዥ የትኞቹ ዓምዶች እንዳሉት፣ የዓምዶቹ ዓይነት ምን እንደሆነ፣ የትኞቹ ተግባሮች እንደተመዘገቡ፣ በሠንጠረዥ መልክ ይይዛሉ። አዲስ ችሎታ በተጨመረ ቁጥር ካታሎጉ አዲስ ዓምድ ያስፈልገዋል፤ የካታሎጉ ቅርጽ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ ስለሚካተት፣ አዲሱ ፕሮግራም አሮጌውን ካታሎግ ቢያነብ አንዱን ዓምድ በሌላው ቦታ እየወሰደ የማይገናኝ ነገር ያነብባል። ስለዚህ አንድ ደንብ ጸና፦ በአንድ ዐቢይ እትም ሥር የሚወጡ ንዑስ እትሞች ስህተት ማረሚያ ብቻ በመሆናቸው የዳታ ማኅደሩን እንዳለ ይጠቀማሉ፤ ከአንድ ዐቢይ እትም ወደ ሌላው ሲታለፍ ግን ማኅደሩ አብሮ አያልፍም።

መሸጋገሪያው መንገድ ለረጅም ዓመታት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባለሙያዎች ደምፕ የሚሉት ነው። የአሮጌው ዳታቤዝ ይዘት በሙሉ በኤስኪውኤል ትእዛዝ መልክ ወደ ጽሑፍ ፋይል ይገለበጣል፣ በአዲሱ እትም ባዶ የዳታ ማኅደር ይፈጠራል፣ ከዚያም ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብለታል፤ ጎተራ ለመቀየር እህሉን ሁሉ አውጥቶ፣ ሰፍሮ፣ መልሶ እንደ መክተት ማለት ነው። ዘዴው አስተማማኝ ቢሆንም፣ ኢንዴክሶች ማለትም የፍለጋ ማውጫዎች ሁሉ እንደ አዲስ መገንባት ስላለባቸው ትልቅ ዳታቤዝ ለሰዓታት ከዚያም ሲያልፍ ለቀናት ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል፤ ለሁለቱም ቅጂዎች የሚበቃ የዲስክ ቦታም ይጠይቃል። ጽሑፉም ቢሆን ሁልጊዜ ያለ ችግር አይነበብም። በ2005 የወጣው 8.1 በዩቲኤፍ 8፣ ማለትም ፊደላትን በባይቶች በሚወክለው ስልት፣ የተጻፈ ጽሑፍ ላይ የሚያደርገውን ምርመራ ሲያጠብቅ፣ የቀደሙት እትሞች ያሳለፏቸው የተበላሹ የባይት ቅደም ተከተሎች በመልሶ መክተቱ ጊዜ ተቀባይነት አጡ፤ ከእትሙ ጋር የወጣው ማስታወሻም የተበላሹትን ባይቶች በአይኮንቭ መሣሪያ ጥሎ ማለፍን እንደ መፍትሔ ጠቆመ። ለላቲን ፊደል ተጠቃሚ ይህ ብዙ ጊዜ የአንድ ምልክት መጥፋት ነው። በግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ የዓምዱ ወሰን በመሃል የቆረጠው አንድ ፊደል የስም መጨረሻ ሊሆን ይችላልና፣ ከመጣሉ በፊት የትኞቹ መዝገቦች እንደተነኩ መመርመር ግድ ይላል።

ደንቡን የማያውቅ አስተዳዳሪ በተለይ በቁጥሩ ይሳሳት ነበር። እስከ 2017 ድረስ ዐቢይ እትም የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ስለነበር፣ ከ9.5 ወደ 9.6 መሄድ በብዙ ሶፍትዌሮች ልማድ ትንሽ እርማት ቢመስልም በፖስትግሬስ ግን ሙሉ የዐቢይ እትም ለውጥ ነበር። የጥቅል ማስተዳደሪያ መሣሪያ ሌሎች ፕሮግራሞችን ሲያድስ ፖስትግሬስንም አብሮ ሲያድስ፣ ፕሮግራሙ አዲስ ሆኖ የዳታ ማኅደሩ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ ሰርቨሩም በማግስቱ አይነሳም። በጥቅምት 2017 የወጣው እትም በአንድ ቁጥር 10 ተብሎ፣ ከእርሱ በኋላ ያሉትም 11፣ 12 እየተባሉ መጠራታቸው ይህን መደናገር ያስቀረ፣ ቀደም ብሎ ሊደረግ የሚገባው ውሳኔ ነበር።

አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ማኅደር እንዴት ይለያል የሚለው ጥያቄ የዚህ ታሪክ ዋና ክፍል ነው። በዳታ ማኅደሩ ውስጥ ፒጂ ቨርዥን የተባለ፣ የዐቢይ እትሙን ቁጥር ብቻ የያዘ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ሰርቨሩ ሲነሳ ይህን አንብቦ ከራሱ ቁጥር ጋር ካልተስማማ፣ ማኅደሩ በየትኛው እትም እንደተፈጠረና እርሱ የትኛው እትም እንደሆነ ገልጾ ወዲያው ያቆማል። ከዚህ ጀርባ ፒጂ ኮንትሮል የተባለ ሁለተኛ ዘብ ቆሟል፤ ይህ ፋይል የራሱን ቅርጽ ቁጥር፣ የካታሎጉን እትም ቁጥር፣ የገጹን መጠንና ሌሎች ፕሮግራሙ ሲሠራ የተወሰኑ ምርጫዎችን ይይዛል። የካታሎጉ እትም ቁጥር የተሠራው ካታሎጉ ከተለወጠበት ዓመት፣ ወርና ቀን በመሆኑ፣ ገና እየተሠራ ያለ እትም ከአንድ ሳምንት ወደ ሌላው ሲለወጥም ሰርቨሩ ልዩነቱን ያውቃል። በፋይሉ ውስጥ በአስርዮሽ መልክ የተጻፈ 1234567 የሚል ቁጥርም ይገኛል፤ ይህ የማንም መረጃ አይደለም፣ ሰርቨሩ መልሶ ሲያነበው እኩል ካልሆነለት ማኅደሩ የተጻፈው የአስርዮሽ ቁጥሮችን በሌላ መንገድ በሚያስቀምጥ ኮምፒውተር ላይ መሆኑን ይረዳበታል። የቅርጹ ቁጥር ባይቶቹ ተገልብጠው የተነበቡ የሚመስል ሲሆንም መልእክቱ የባይት ቅደም ተከተል ልዩነት ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያስገቡት ሰዎች አስተዳዳሪውን ሊያስቸግሩ ሳይሆን፣ ፕሮግራሙ ያልገባውን ገጽ እንደገባው ሆኖ እንዳይጽፍበት ሊከለክሉ ነው፤ ሥራቸውም ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል።

የእነዚህ ዘቦች ጥቅም በ2009 በወጣው 8.4 በግልጽ ታየ። እስከዚያ ድረስ ቀንና ሰዓት በአስርዮሽ ቁጥር መቀመጡ የተለመደ ሲሆን፣ 8.4 ግን ትክክለኛነቱ እኩል ሆኖ እንዲቆይ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥን መደበኛ ምርጫ አደረገ። ሁለቱም 8 ባይት ስለሚይዙ በገጽ ላይ ቢታዩ አይለያዩም፤ አንዱን በሌላው ማንበብ ግን ፍጹም የማይሆን ቀን ያወጣል። ፒጂ ኮንትሮል የሰዓቱን አቀማመጥ ስለመዘገበ፣ በአንድ መንገድ የተሠራ ፕሮግራም በሌላው የተጻፈን ማኅደር ለማስነሳት ሲሞከር ሰርቨሩ ምክንያቱን ጠቅሶ አልነሳም ይላል። ሆኖም በመልእክቱ መጨረሻ የዳታ ማኅደሩን እንደ አዲስ የመፍጠር አስፈላጊነትን የሚጠቁም ዐረፍተ ነገር ይከተል ነበር፤ ይህ ለሶፍትዌሩ ሠሪ ተገቢ ምክር ሲሆን፣ መጠባበቂያ ቅጂ ለሌለው አስተዳዳሪ ግን አደገኛ ነው። መፍጠሪያው መሣሪያ ባዶ ያልሆነ ማኅደር ላይ ለመሥራት እምቢ ማለቱ እዚህም ሌላ ጥበቃ ቢሆንም፣ ማኅደሩን ራሱ አጽድቶ የሚጀምር ሰው ሊመለስ የማይችል ጥፋት ይሠራል። አሮጌው ማኅደር ያልተነካ እስከሆነ ድረስ አሮጌውን ፕሮግራም መልሶ በመጫን ብቻ አገልግሎቱ ይመለሳል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚቀድም መመሪያ የለም።

የምርመራው ቅደም ተከተልም ከሰርቨሩ አነሳስ ይወለዳል። ፖስትግሬስ ሲነሳ መጀመሪያ የቅንብር ፋይሉን፣ ማለትም አስተዳዳሪው የሚፈልጋቸውን ምርጫዎች የጻፈበትን ፋይል፣ ያነባል፤ ቀጥሎ ፒጂ ቨርዥንን፣ ከዚያም ፒጂ ኮንትሮልን ይመለከታል። በዚህ ጊዜ መልእክቶችን ወደ ሎግ፣ ማለትም ወደ መዝጋቢው ፋይል፣ የሚያደርሰው ክፍል ገና ሥራ ስላልጀመረ፣ እጅግ አስፈላጊው መልእክት በተለመደው ሎግ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው ሰርቨሩን ያስነሳው መሣሪያ በሚይዘው መዝገብ ወይም ትእዛዙ በተሰጠበት መስኮት ላይ ነው። ብዙ አስተዳዳሪዎች ባዶ ሎግ አይተው ሰርቨሩ ምንም አልተናገረም ብለው የሚደመድሙት ከዚህ የተነሳ ነው። የቅንብር ፋይሉ በቀዳሚነት መነበቡም ከአሮጌው እትም የተቀዳ ፋይል ለምን ሰርቨሩን እንደሚያስቆም ያስረዳል። በጥር 2016 የወጣው 9.5 ቼክፖይንት ሴግመንትስ የተባለውን ቅንብር አስወግዶ በሌላ ስለተካው፣ ያ መስመር ያልተነካበት ፋይል አዲሱን ሰርቨር ከመጀመሪያው እርምጃ አላሳለፈውም። በጥቅምት 2019 የወጣው 12 ደግሞ ከዚህ ራቀ፤ ቅጂ ሰርቨሮች ለብዙ ዓመታት ይመሩበት የነበረው ሪከቨሪ ኮንፍ የተባለ ፋይል በማኅደሩ ውስጥ ከተገኘ ሰርቨሩ ፈጽሞ እንዳይነሳ ተደረገ። ፋይሉን ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ቅጂ ሆኖ ዋናውን መከተል ያለበት ሰርቨር ትእዛዙ ሳይነበብለት ራሱን ዋና አድርጎ ቢነሳ፣ ሁለት ዋናዎች የተለያየ መዝገብ መጻፍ ይጀምራሉና ማስቆሙ ትክክል ነበር።

የደምፕን ሸክም የሚያቀልል መንገድ ፒጂ ማይግሬተር በሚል ስም በ2009 ከ8.3 ወደ 8.4 ለሚሸጋገሩ ቀረበ፤ ሥራውን በዋናነት የመሩት ብሩስ ሞምጂያን ነበሩ። በመስከረም 2010 ከ9.0 ጋር ፒጂ አፕግሬድ ተብሎ በሶፍትዌሩ ውስጥ ተካተተ። መሠረታዊ ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር፦ ከእትም ወደ እትም የሚለወጠው በአብዛኛው ካታሎጉ እንጂ የተጠቃሚው ገጾች ቅርጽ አይደለም፤ የገጹ ቅርጽ ከ8.3 ወዲህ በዚያው ቁጥር ጸንቷል። ስለዚህ መሣሪያው ከአሮጌው የሚገለብጠው የሠንጠረዦቹን አወቃቀር ብቻ ነው፤ በእርሱ አዲስ ካታሎግ ያሠራል፣ ከዚያም የመረጃ ፋይሎቹን እንዳሉ ይቀዳል፣ ወይም አንድ ፋይል በሁለት ስም የሚጠራበትን ሃርድ ሊንክ ተጠቅሞ ሳይቀዳ ያያይዛል። በሁለተኛው መንገድ የቴራባይት ዳታቤዝ በደቂቃዎች ይሸጋገራል። ዋጋው ግን አዲሱ ሰርቨር አንድ ጊዜ ከተነሳ አሮጌው ከእንግዲህ በዚያ ማኅደር በሰላም ሊሠራ አለመቻሉ ነው፤ መሣሪያው ይህን ለመከላከል የአሮጌውን ፒጂ ኮንትሮል ስም ይለውጣል፣ በስህተት ለማስነሳት የሚሞክርም ሰው ሰርቨሩ እንደማይነሳለት ያያል። እዚህ ላይ አለመነሳት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ፈጣኑ መንገድ ከጥፋት ነጻ ሆኖ አልኖረም። በሚያዝያ 2011 የታወቀው ስህተት የእምቢታን ዋጋ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል። በፖስትግሬስ ውስጥ እያንዳንዱ የለውጥ ሥራ ባለ 32 ቢት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሥራው መጽናቱ ወይም መሰረዙ ለብቻው በተቀመጠ መዝገብ ይያዛል፣ ያረጁት የመዝገቡ ክፍሎችም ማንም እንደማይፈልጋቸው ሲረጋገጥ ይጣላሉ። የትኛው ክፍል መጣል እንደሚችል የሚታወቀው እያንዳንዱ ሠንጠረዥ በካታሎጉ ውስጥ ካስመዘገበው ወሰን ነው። ፒጂ አፕግሬድ ይህን ወሰን ቶስት ለሚባሉት፣ ማለትም ረጃጅም ጽሑፎችና ትላልቅ እሴቶች ተለይተው ለሚቀመጡባቸው ረዳት ሠንጠረዦች፣ በትክክል አላሸጋገረም ነበር። ሰርቨሩ ግን ተነሳ፣ ለጥያቄዎች መለሰ፣ አስተዳዳሪውም ሽግግሩ ተሳካ ብሎ ሄደ፤ ከጊዜ በኋላ የጽዳት ሥራው ገና የሚያስፈልገውን የመዝገብ ክፍል ጥሎ ከተገኘ፣ አንዳንድ ረጃጅም እሴቶችን ለማንበብ ሲሞከር የለውጡን ሁኔታ ማወቅ አልተቻለም የሚል መልእክት ይመጣል። እርማቱ በ9.0.4 እና በ8.4.8 ወጣ፣ አስቀድመው የተሸጋገሩትም ወሰኑን የሚያስተካክል ተጨማሪ ሥራ በእጃቸው እንዲሠሩ ተነገራቸው።

ሁለተኛው የዝምታ አደጋ የመጣው ከፖስትግሬስ ውጭ ነው። በሊነክስ ላይ ፖስትግሬስ ጽሑፍ የሚደረደርበትን ቅደም ተከተል በነባሪነት የሚጠይቀው ግሊብሲ የተባለውን የሥርዓቱን መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ነበር። በነሐሴ 2018 የወጣው ግሊብሲ 2.28 የአደራደር ሠንጠረዦቹን ከአዲሱ ዓለም አቀፍ መስፈርት ጋር ሲያስማማ፣ በእንግሊዝኛ አደራደር ቀድሞ «11» ከ«1-1» በፊት ይመጣ የነበረው ተገለበጠ። በ2019 የወጡት ዴቢያን 10 እና ሬድ ሃት 8 ይህን ይዘው ስለመጡ፣ የሊነክስ እትማቸውን ብቻ የቀየሩ አስተዳዳሪዎች ፖስትግሬስን ሳይነኩ ዳታቤዛቸውን አደጋ ላይ ጣሉ። ኢንዴክሱ በአሮጌው ቅደም ተከተል ተደርድሮ ፈላጊው በአዲሱ ስለሚፈልግ፣ ያለ መዝገብ የለም ሊባል፣ መደገም የማይገባውም መለያ ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል፤ ሰርቨሩ ግን ያለ ችግር ይነሳል፣ ዘቦቹ የሚጠብቁት የራሳቸውን እትም እንጂ የጎረቤታቸውን አልነበረምና። ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥረት ይህንንም እትም ወደ መመዝገብ አዘነበለ፤ በ13 የግሊብሲ አደራደር እትም በካታሎጉ መያዝ ጀመረ፣ በ15 ደግሞ ለዳታቤዙ በሙሉ ተመዝግቦ ልዩነት ሲኖር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሰርቨሩን ግን አያስቆመውም፤ የተጎዱትን ኢንዴክሶች እንደ አዲስ መገንባት ማስጠንቀቂያውን ባነበበው ሰው ላይ የወደቀ ነው።

የሊነክስ ስርጭቶችም በየፊናቸው መልስ ፈልገዋል። ዴቢያን ለእያንዳንዱ ዐቢይ እትም የተለየ ጥቅልና የተለየ ማኅደር በመስጠት አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን እንዲቆሙ አደረገ፤ አዲሱ ሲጫን አሮጌው ስለማይነቀል፣ ሽግግሩ አስተዳዳሪው በመረጠው ጊዜ ይከናወናል። ከሁሉም መፍትሔዎች በተጠቃሚው ላይ ሸክሙን ያቀለለው ይህ ይመስላል። በ10 የገባው ሎጂካል ሪፕሊኬሽን፣ ማለትም ለውጦችን ከአንዱ እትም ወደ ሌላው እንደ ወረዱ የሚያስተላልፈው ዘዴ፣ ደግሞ አገልግሎቱን ለጥቂት ጊዜ ብቻ አቋርጦ መሸጋገርን አስችሏል።

በመስከረም 2025 የወጣው 18 ሌላ መልካም ጥበቃ መደበኛ አደረገ፤ አዲስ የሚፈጠር የዳታ ማኅደር ሁሉ ቼክሰም፣ ማለትም ገጹ በዲስክ ላይ ሳለ መበላሸቱን የሚያጋልጥ የማረጋገጫ ቁጥር፣ በየገጹ እንዲኖረው ሆነ። በአሮጌዎቹ ማኅደሮች ግን ይህ በፈቃድ ብቻ የሚደረግ ስለነበር፣ ብዙዎቹ ቼክሰም የላቸውም፤ ፒጂ አፕግሬድም ሁለቱ ማኅደሮች በዚህ ረገድ ካልተስማሙ አንድም ፋይል ሳይነካ ያቆማል። አስተዳዳሪው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ አዲሱን ማኅደር ያለ ቼክሰም ይፈጥራል፣ አለዚያም አሮጌውን ሰርቨር አቁሞ፣ ከ12 ጀምሮ ባለው መሣሪያ በገጾቹ ሁሉ ላይ ቼክሰም አስጽፎ ከዚያ ይሻገራል። ሁለተኛው በዳታው መጠን ልክ ጊዜ ይወስዳል፤ መሣሪያው ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበበ ቁጥሩን ይጽፍባቸዋልና።